ሻምበል ማሞ ወልዴና ረጅሙ መንገድ



ስለ ኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሩጫ ታሪክ በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚጠራው የሻምበል አበበ ቢቂላ ስም ነው። ይህም የሚገባ ነው፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ነገር ግን ከአበበ ስም ቀጥሎ፣ አብዛኛውን ጊዜም «እንዲሁም» ከሚለው ቃል ጋር ተያይዞ የሚመጣ ሌላ ስም አለ፤ ይኸውም ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው። የአበበን ታሪክ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። የማሞን ግን ብዙዎቻችን የምናውቀው ግማሹን ብቻ ነው፤ እርሱንም «ሜክሲኮ» በሚለው አንድ ቃል ጠቅልለን ይዘነዋል። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለ ሙሉው ታሪክ፣ ደስ የሚያሰኘውንም የሚከብደውንም ክፍል ጨምሬ ነው። ዘመኑን በአገራችን አቈጣጠር እጠራለሁ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር የምጠራው ሲኖር ለይቼ አመለክታለሁ።

ማሞ የተወለደው በሸዋ፣ ከአዲስ አበባ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በድሬ ጅሌ ነው። በስፖርት መዝገብ የሰፈረው የልደቱ ቀን ሰኔ 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው። አበበ ቢቂላ ደግሞ ወደ ደብረ ብርሃን በኩል ጃቶ በምትባል መንደር በዚያው ዓመት ነሐሴ 1 ቀን እንደ ተወለደ ተመዝግቧል። በዚያ ዘመን በባላገር የሚወለድ ልጅ ልደቱ የሚታወሰው በአዝመራና በበዓል እንጂ በጽሕፈት አልነበረምና ስለ ቀኑ አጥብቆ መሟገት አያስፈልግም፤ መዝገቡ እንደሚለው ከሆነ ግን ማሞ ለአበበ የ56 ቀን ታላቅ ነው። ሁለቱም የአንድ አገር ገበሬ ልጆች፣ ሁለቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች፣ ሁለቱም የአንድ ዓመት ልጆች ነበሩ። ከዚህ ቀጥሎ የምናየው ሁሉ ታላቁ ከታናሹ በስተኋላ የሮጠበት ታሪክ ነው።

ማሞ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ሁለት ዓመት ቈይቶም ከቃኘው ሠራዊት ጋር ወደ ኮሪያ ዘመተና እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ድረስ በዚያ አገለገለ። ወደ አገሩ በተመለሰ በዓመቱ ደግሞ ለሌላ ጉዞ ተመረጠ። ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው በ1949 ዓ.ም. በኅዳር ወር በአውስትራሊያ በሜልቦርን ከተማ ሲሆን፣ ከተላኩት 12 ተወዳዳሪዎች መካከል አንዱ ማሞ ነበረ። በዚያን ጊዜ አበበን ገና ማንም አያውቀውም። ስለዚህ በኦሊምፒክ መንገድ ላይ ቀድሞ እግሩን ያነሣው ማሞ ነው ማለት ነው።

የሮጠው ግን ማራቶን አልነበረም፤ 800 ሜትር፣ 1,500 ሜትርና አራት ሰዎች እየተቀባበሉ የሚሮጡት የ400 ሜትር ውድድር ነበረ። ኋላ የማራቶን አሸናፊ የሚሆነውን ሰው በ800 ሜትር ሜዳ ላይ ማሰብ ዛሬ ያስገርመናል። በዚያን ጊዜ የነበሩት አሠልጣኞች የትኛው ልጅ ለየትኛው ርቀት እንደ ተፈጠረ ገና በመመርመር ላይ ነበሩና የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ማሞ በሜልቦርን ከማጣሪያው አላለፈም።

ከዚህ በኋላ ሮማ መጣች። ማሞ ሮማ አልሄደም። ስለ ምክንያቱ እርሱ ራሱ ኋላ ሲናገር፣ መንግሥት ሰላም ለማስከበር ወደ ኮንጎ ሊልከው ሲፈልግ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ደግሞ ወደ ሮማ ሊወስደው ፈለገ፤ በሁለቱ መካከል ስምምነት ባለ መገኘቱ ኮንጎም ሮማም ሳይሄድ ቀረ ብሏል። የመሥሪያ ቤት ኑሮ የሚያውቅ አድማጭ ይህን ለማስተዋል ማብራሪያ አያሻውም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ስለ አንድ ሠራተኛ ሁለት ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ ሁለቱም ደብዳቤዎች ትክክል ናቸው፤ ሠራተኛው ግን ሳጥኑን አሰናድቶ በረንዳ ላይ ቁጭ እንዳለ ይቀራል።

ሮማ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የማይዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የአዲሱ ዓመት ዋዜማ ነበረ። ውድድሩ የተጀመረው ወደ ማታ በመሆኑ አበበ በባዶ እግሩ የድሉን መሥመር ያለፈው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ችቦ ይዘው በመንገድ ዳር በቆሙ ወታደሮች መካከል ነው። በአገራችን ችቦ በሚበራበት በዚያው ሰሞን በሮማ ጐዳና ላይም ችቦ በርቶ ነበረ። ጊዜው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነው። እባክዎን ጳጉሜን 5ን ልብ ይበሉልኝ፤ ወደ እርስዋ እንመለሳለን።

ማሞ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት በሻለቃ ኦኒ ኒስካነን መሪነት ከአበበ ጋር አብሮ ሠለጠነ። በእስፓኝ አገር በክረምት በሚደረገው በሳን ሰባስቲያን የአገር አቋራጭ ሩጫም ደጋግሞ አሸነፈ። በ1957 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር ሲሰለፍ እንግዲህ የ800 ሜትር ሯጭ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ሰው ሆኖ ነበረ። ያ ውድድር አሜሪካዊው ቢሊ ሚልስ ማንም ሳያስበው ያሸነፈበት፣ የቱኒዚያው መሐመድ ጋሙዲ 2ኛ፣ የአውስትራሊያው ሮን ክላርክ 3ኛ የወጡበት ነው። ዓለም ስለ ሦስቱ ሲያወራ ከእነርሱ ቀጥሎ የገባውን 4ኛውን ሰው ማንም ልብ አላለውም። እርሱም በ28 ደቂቃ ከ31.8 ሴኮንድ የገባው ማሞ ወልዴ ነበረ።

ከሳምንት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን በማራቶኑ ማሞ ከአበበ ጋር ተሰለፈ፤ አልጨረሰም። አበበ ግን ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና አምስት ሳምንት ሆኖት ሳለ፣ ከተከታዩ በአራት ደቂቃ ርቆ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ገባና በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመረ። አንድ ሰው ጓደኛው በእንዲህ ያለ ቀን ዓለምን ሲያስደንቅ እርሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ማየቱ ምን እንደሚያሳድርበት ማሞ ምንም አልተናገረም። የምናውቀው መሮጡን አለ መተዉን ብቻ ነው።

ወደ ሜክሲኮ እንምጣ። የሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያነሰ ስለሆነ፣ ሰው በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባው የሚያስገባው ኦክሲጅን በዚያው መጠን ያንሳል። ለ100 ሜትር ሯጭ ይህ ጥቅም ነው፤ ሩጫው ሳይተነፍስ ሊያልቅ የሚችል ነውና ቀላሉ አየር ይረዳዋል። ለረጅም መንገድ ሯጭ ግን ጭንቅ ነው። ከቈላ አገር የመጡት ሯጮች በኦክሲጅን እጦት ሜዳው ላይ ሲወድቁ ታይተዋል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ከዚህ ከፍ ባለ ሥፍራ የሚያድር ነውና አየሩ እንግዳ አልሆነበትም።

ጥቅምት 3 ቀን 1961 ዓ.ም. የ10,000 ሜትር ውድድር ተደረገ። ወደ መጨረሻው ዙር ሲቃረብ ሦስት አፍሪካውያን ብቻ ቀሩ፤ የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ፣ የቱኒዚያው ጋሙዲና ማሞ። ማሞ ፈትለክ ብሎ ቀደመ፤ ጋሙዲም ወደ ኋላ ቀረ። በመጨረሻው ቀጥተኛ መንገድ ላይ ግን ቴሙ ደርሶ አለፈው። ቴሙ 29 ደቂቃ ከ27.4 ሴኮንድ፣ ማሞ 29 ደቂቃ ከ28 ሴኮንድ፤ ልዩነታቸው የአንድ ሴኮንድ ስድስት አሥረኛ ነው። ለኬንያ ያ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበረ። ለኢትዮጵያም የማሞ ብር ከማራቶን ውጭ የተገኘ የመጀመሪያው ሜዳይ ነው፤ ይህንን ግን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ነገር ደግሞ እናነጻጽር፤ ማሞ ቶኪዮ ላይ 4ኛ ሲወጣ የሮጠበት ጊዜ ሜክሲኮ ላይ ብር ካስገኘለት ጊዜ በ56 ሴኮንድ ይፈጥናል። ፈጥኖ የሮጠ ጊዜ ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ዘግይቶ የሮጠ ጊዜ ተሸለመ። የአየሩን ክብደት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም።

ከሰባት ቀን በኋላ ጥቅምት 10 ቀን የማራቶኑ ውድድር ሆነ። የዓለም ዓይን ሁሉ በአበበ ላይ ነበረ፤ ሦስተኛውን ወርቅ ያገኝ ይሆን የሚለው ጥያቄ ብቻ ነበር የሚጠየቀው። ነገር ግን አበበ እግሩን ታሞ ነበርና 16 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ ከመንገድ ወጣ። ማሞ ኋላ እንደ ተረከው፣ አበበ ከመውጣቱ በፊት ጠራው፤ እርሱ ውድድሩን እንደማይጨርስ፣ ማሞ ግን ማሸነፍ እንዳለበት ነገረው። ማሞም የበላይ አለቃውን ትእዛዝ እንደሚቀበል ወታደር «እሺ ጌታዬ» አለና ሩጫውን ቀጠለ።

በዚህ ንግግር ላይ ጥቂት ብንቆይ መልካም ይመስለኛል። ለስምንት ዓመት የአበበ ተከታይ የነበረ ሰው በድንገት ከፊቱ ማንም እንደሌለ ተነገረው። በመሥሪያ ቤት የምክትልነት ወንበር ላይ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው አለቃው አንድ ቀን ቁልፉን አስረክቦት ሲሄድ የሚሰማውን ስሜት ያስታውሷል። አንዳንዱ በዚያች ሰዓት ይደናገጣል፤ ሲመኘው የኖረው ነገር ከብዶት ይወድቃል። ማሞ ግን አልቸኮለም። በመጀመሪያ ሌሎቹን ፊት አስቀድሞ ተከተለ፤ 30 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ግን ብቻውን ወጣ። በ10,000 ሜትሩ ያሸነፈው ቴሙ እንኳ በዚህ ቀን ኀይሉ አልቆ በመጨረሻ 19ኛ ሆነ። ማሞ ወደ ስታዲዮሙ ሲገባ ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ ነበረ። ቀጣዩ የጃፓኑ ኬንጂ ኪሚሃራ የደረሰው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ነው። የኒውዚላንዱ ማይክል ራያን 3ኛ ሆነ፤ ኢትዮጵያዊው መራዊ ገብሩም 6ኛ ወጣ።

እንግዲህ ሮማ፣ ቶኪዮ፣ ሜክሲኮ፤ ሦስት ኦሊምፒክ በተከታታይ የማራቶን ወርቅ ወደ አንድ አገር መጣ። ማሞ በዚያን ጊዜ 36 ዓመቱ ነበረ። በዚህ ዕድሜ ማራቶንን በኦሊምፒክ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት አልነበረም፤ የፖርቱጋሉ ካርሎስ ሎፔስ እ.ኤ.አ. በ1984 በ37 ዓመቱ እስኪያሸንፍ ድረስም የበለጠው አልተገኘም።

ከአምስት ወር በኋላ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ሩጫ ሸክም በማሞ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ትከሻው ደግሞ የ36 ዓመት ሳይሆን ወደ 40 የሚሄድ ነበረ።

ቀጣዩ ኦሊምፒክ በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ነበረ። ያ ኦሊምፒክ 11 የእስራኤል ተወካዮች የተገደሉበት በመሆኑ ውድድሩ ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ገና ሲጀመር ማራቶኑ በአንድ ቀን ዘገየ። በዚህ መዘግየት ምክንያት የተሮጠው በአውሮፓ አቈጣጠር መስከረም 10 ቀን 1972 ነው። ይህንን ቀን ወደ እኛ አቈጣጠር ብንመልሰው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ይሆናል። ቀደም ሲል ልብ እንድትሉልኝ የለመንሁት ስለዚህ ነው። አበበ በባዶ እግሩ ሮማን ካሸነፈ ልክ 12 ዓመት፣ በዚያችው በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማሞ በሙኒክ መንገድ ላይ ሮጠ። አበበም በክብር እንግድነት ተጠርቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ በዚያ ነበረ።

በዚያ ቀን አሸናፊው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ነበረ። ይህ ሰው ዜግነቱ አሜሪካዊ ይሁን እንጂ የተወለደው በዚያው በሙኒክ ነው። ወደ ስታዲዮሙ ሲደርስም አንድ የጀርመን ተማሪ እንደ ሯጭ ለብሶ ቀድሞት በመግባቱ ሕዝቡ ለሐሰተኛው ሲያጨበጭብ ቈይቷል። ሾርተር በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ19.8 ሴኮንድ ገባ። የቤልጅጉ ካሬል ሊስሞንት 2ኛ ሆነ። ማሞ 3ኛ ነበረ፤ ጊዜውም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8.4 ሴኮንድ።

ይህንን ቍጥር ከሜክሲኮው ጋር ብናስተያየው፣ ማሞ በ40 ዓመቱ በ36 ዓመቱ ከሮጠው አምስት ደቂቃ ከሩብ በላይ ፈጥኖ ሮጧል። በእርግጥ የሙኒክ አየር ከሜክሲኮ ይልቅ ለሩጫ የተመቸ ነው፤ ይሁን እንጂ አበበ ሮማ ላይ ዓለምን ካስደነቀበት ጊዜ ደግሞ በ7.8 ሴኮንድ ይበልጣል። ይህ ሰው እርጅና የሚባለውን ነገር በመንገድ ላይ ትቶት የሄደ ይመስላል። ሾርተር ወርቁን ከተቀበለ በኋላ ወደ አበበ ሄዶ እጁን ጨበጠ።

ከዚህ በኋላ ማሞ በ1965 ዓ.ም. በሌጎስ በተደረገው የመላ አፍሪካ ውድድር ማራቶኑን አሸነፈ። አበበ በጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። የኢትዮጵያን የመጀመሪያዎቹን ስድስት የኦሊምፒክ ሜዳዮች ብንቈጥር ሁለቱ የአበበ፣ አንዱ በሙኒክ በ10,000 ሜትር የተገኘው የምሩጽ ይፍጠር፣ ሦስቱ ደግሞ የማሞ ናቸው፤ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ።

የታሪኩ የሚከብደው ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ለመናገር የማይመች ቢሆንም ሳይነገር ቢቀር ግን የቀደመውም ግማሽ እውነት ይሆናል።

አብዮቱ ከመጣ በኋላ ማሞ በአዲስ አበባ የቀበሌ ኀላፊ ሆነ። በከተማው ቀይ ሽብር በተባለው ጊዜ ስንት ቤት እንደ ተዘጋ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም፤ የሚሰማኝ ሰው ሁሉ በየቤቱ ያውቀዋል። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 ማሞ ተያዘ። የተከሰሰው እ.ኤ.አ. በ1978 በ15 ዓመት ልጅ ላይ በተፈጸመ ግድያ ተካፍሏል ተብሎ ነው። እርሱም በሥፍራው መገኘቱን አልካደም፤ ገዳዩ ግን እኔ አይደለሁም ሲል ተከራከረ።

አንድ ሰው ለአገሩ ወርቅ ስላመጣ ከሕግ በላይ ነው የሚል ቢኖር እኔ አልስማማም። የሞተው ልጅ እናት ፊት ቆሞ ስለ ሜክሲኮ መናገር የሚደፍር ማን ነው? በሌላ ወገን ደግሞ፣ አንድ ሰው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ሳይባል ዘጠኝ ዓመት ሲቀመጥ ፍርድ ዘግይቷል ብቻ ሳይሆን ለከሳሹም ለተከሳሹም ጎድሏል። የልጁ ወገኖች ለዘጠኝ ዓመት እውነቱን ሳይሰሙ ቆዩ፤ እስረኛውም ለዘጠኝ ዓመት ስሙ በሁለት መካከል ተንጠልጥሎ ኖረ። እነሆ እንደ ሮማው ጊዜ ሁሉ አሁንም የማሞ ጉዳይ በመዝገብ ውስጥ ተኝቶ ነበረ፤ ልዩነቱ የቀረበት በዚህ ጊዜ ጉዞ ሳይሆን ዕድሜ መሆኑ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ስለ ማሞ አጥብቀው ከጻፉት የውጭ ሰዎች አንዱ ኬኒ ሙር ይባላል። ይህ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ቀድሞ ሯጭ ነበረ፤ ሜክሲኮ ላይም ሙኒክ ላይም ማራቶን ሮጧል። ሙኒክ ላይ 4ኛ የወጣው እርሱ ነው። ከማሞ በ31 ሴኮንድ ወደ ኋላ ቀርቶ የነሐሱን ሜዳይ ያጣ፣ ማሞ ባይኖር ኖሮ በደረጃው ላይ ይቆም የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ማሞ እስራት ሰፊ ጽሑፍ በአሜሪካ መጽሔት ላይ አወጣ። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴም ስለ ጉዳዩ ጠየቀ። በመንገድ ላይ ያሸነፈህን ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ቈይተህ ፍለጋ መሄድ የማራቶን ሯጮች ብቻ የሚያውቁት ዝምድና ሳይሆን አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ላይ ፍርዱ ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛ አለው፤ ስድስት ዓመት እስራትም ፈረደበት። አስቀድሞ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ ስለነበር ከእስር ወጣ። ከተፈረደበት ሦስት ዓመት አብልጦ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቤቱ የገባው ታሞ ነበር። ግንቦት 18 ቀን 1994 ዓ.ም. በጉበት ካንሰር አረፈ። መዝገቡ በሚለው ልደቱ ብንቈጥር 70 ዓመት ሊሞላው 17 ቀን ቀርቶት ነበረ።